አራት ጥያቄ፣ አሥር ደቂቃ፦ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የቤት ሥራ ማስታወሻ ከጅማ

መስከረም፣ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን

ዘንድሮ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የቤት ሥራን እንደ አዲስ ልሠራው ተነስቻለሁ። የምሞክረውን፣ የሠራውንና ያልሠራውን እዚህ እያሰፈርኩ እሄዳለሁ። እዚህ ጅማም ይሁን ሌላ ቦታ የምታስተምሩ ካላችሁ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

የተነሳሁበት ምክንያት ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ የሚታየው ነው። ደወል ሳይደወል በፊት ደብተር ጭን ላይ ተዘርግቶ ይቀዳል። የአንዷን ልጅ ሥራ ስድስት ሰባት ልጅ ይገለብጠዋል። ከዚያ አስተማሪ ገብቶ በዴስኮቹ መሐል እየዞረ ራይት ያደርጋል፣ ይፈርማል፣ ያልፋል። ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ከዚህ በላይ ማየት ለማንም ከባድ ነው። ግን ምን ተገኘ? ልጁ የቀዳውን አያውቀውም። አስተማሪውም ልጁ ምን እንዳልገባው አያውቅም። ሁለቱም ግን ደክመዋል።

ልጆቹን ሳልቆጣ፣ ለምን እንደሚቀዱ ጠየቅኳቸው። "ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ገብቶኝ ነበር፤ ቤት ስሄድ ይጠፋብኛል" አለችኝ አንዷ። ሌላው "ብዙ ነው፣ አያልቅም" አለ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ "ካልሠራን እንቀጣለን፤ ተሳስተን ከሠራን ይሳቅብናል፤ መቅዳት ይሻላል" አለ።

ከሦስቱ መልሶች አንዱም ስንፍና አይደለም። አንዷ ስለ ማስታወስ ነው የምታወራው፣ አንዱ ስለ ብዛት፣ አንዱ ስለ ፍርሃት። ሦስቱም አስተማሪ ሊነካቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሥራውን በእነዚህ ሦስቱ ከፋፍዬዋለሁ።


መስከረም መጨረሻ

በብዛቱ ጀመርኩ፤ እሱ ይቀላል።

ሃሪስ ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። ስለ ቤት ሥራ የተደረጉ ጥናቶችን ለብዙ ዓመት ሲሰበስብና ሲያመዛዝን የኖረ ሰው ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ እንደሚለው፣ የቤት ሥራ መሥራትና ጥሩ ውጤት ማምጣት ያላቸው ትስስር ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ጠንከር ይላል። በታችኞቹ ክፍሎች ግን ደካማ ነው። ትስስር ነው እንጂ ምክንያቱ ይኼ ነው ማለት አይደለም፤ ጎበዝ የሆነው ልጅ ስለሆነ የቤት ሥራውን የሚሠራው ሊሆንም ይችላል። ቢሆንም ለእኔ ክፍል ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

እዚያ አገር በሰፊው የሚሠራበት አንድ ልክም አለ፦ በክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ። አንደኛ ክፍል 10፣ ሁለተኛ ክፍል 20፣ እንዲህ እያለ ሰባተኛ ክፍል 70 ደቂቃ ይደርሳል። ልብ በሉ፤ 70 ደቂቃው የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። በአንድ ቀን አራት አስተማሪ የቤት ሥራ ከሰጠ ለሒሳብ የሚደርሰው 18 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። መጽሐፉ ላይ ካለው መልመጃ "ከ1 እስከ 12 ሠርታችሁ ኑ" ስንል ታዲያ የማንን ሰዓት ነው የምንሰጠው? የሳይንሱን፣ የአፋን ኦሮሞውን፣ ወይም የልጁን እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ አራት ጥያቄ። ከዚያ አይበልጥም። ሁለቱ የዛሬው ትምህርት ናቸው። አንዱ ካለፈው ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት ከተማሩት ነው። አራተኛው "ጎደሎ ምሳሌ" ያልኩት ነው፤ ሙሉ ሥራው ተጽፎ አንድ ወይም ሁለት መስመር ባዶ ይተዋል፣ ልጁ ይሞላዋል። ለጀማሪ ከባዶ ከመነሳት የተሠራ ነገር አይቶ የጎደለውን መሙላት ይቀላል። ደከም ያለው ልጅም ቢያንስ አንዱን ሠርቶ እንዲመጣ ያስችለዋል።

ፎቶ ኮፒ የለም፣ ወረቀትም ውድ ነው። የሰሌዳውን የቀኝ ጥግ በቾክ አጥሬ "የማይጠፋ" ብዬ ጻፍኩበት። የክፍል አለቃዋ ትምህርት ሳይጀመር አራቱን ጥያቄ እዚያ ትጽፋለች። ልጆቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ማታ የሚጠብቃቸውን ያውቃሉ።

"ቤት ስሄድ ይጠፋብኛል" ላለችው ደግሞ ይኼን አደረግኩ፦ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የቤት ሥራው መጀመሪያ ናቸው። አንደኛውን ጥያቄ እዚያው ክፍል ውስጥ ሁሉም ለብቻው ይጀምራል። እኔ እዞራለሁ። መጀመር ያልቻለ ልጅ ማታ ብቻውን ሳይሆን አሁን፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ይታወቃል። የተጀመረ ሥራ ይዞ ቤት መግባትና ባዶ ገጽ ይዞ መግባት አንድ አይደለም።


ጥቅምት መጀመሪያ

የዚህ ሁሉ ሥራ አንጓ ጠዋት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የቤት ሥራ ቤት ተሠርቶ ቤት የሚያልቅ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ዋጋው የሚታወቀው በማግስቱ፣ በክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ በምናደርግበት ነገር ነው።

እየዞሩ ራይት ማድረጉን ትቻለሁ። አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። ስገባ ደብተር ይዘጋል። ከደብተር ላይ ሩብ ሉክ ወረቀት ይቀደዳል። ትናንት ከተሰጡት አራት ጥያቄዎች አንዱን ቁጥሩን ቀይሬ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ሁሉም ዝም ብሎ ለብቻው ይሠራዋል። አራት ደቂቃ። ከዚያ ወረቀቱ ይሰበሰባል፣ ደብተር ይከፈታል፣ አብረን እናርማለን።

ይኼ ኩረጃውን ያለ ቁጣ አዳከመው። ቁጥሩ ስለተቀየረ የቀዳ ልጅ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ራሱ የሠራ ልጅ ግን ቀላል ይሆንለታል። ልጆቹ ይኼን ለመረዳት ሳምንትም አልፈጀባቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ፣ አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ከዚያ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩትን አወዳድረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ለማስታወስ የሞከሩት 56 በመቶውን አስታወሱ። ከጭንቅላት ጎትቶ ማውጣት ራሱ መማር ነው ማለት ነው። የእኔ የጠዋት ወረቀት ፈተና አይደለም፣ ማርክም የለውም። ትናንት የተሠራውን ጎትቶ ማውጫ ነው።

ወረቀቶቹን እረፍት ላይ ሦስት ቦታ እከምራቸዋለሁ፦ የገባቸው፣ የሆነ ስሕተት የሠሩ፣ ባዶ የሰጡ። ነጥብ አልሰጥም፣ ቀይ እስክሪብቶም አላወጣም። ክምሩን ማየት ብቻ ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ነገ ምን ማስተማር እንዳለብኝ ከዓመታዊ ዕቅዱ ይልቅ መካከለኛው ክምር ይነግረኛል።

አብረን ስናርም ያስተካከልኩት አንድ ነገርም አለ። ጥያቄ ጠይቄ ወዲያው እጅ ያወጣውን አልጠራም። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን ስታጠና፣ አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ "አላውቅም" የሚለው ቀነሰ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ! ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት፤ ሳይደርሱበት ረጅም ይመስላል። ያኔ ነው የኋላ ወንበሮች የሚነቁት።

ማን እንደሚመልስ ደግሞ ጣሳው ይወስናል። የሁሉም ስም የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አለ። ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ ከዚያ አወጣለሁ። ቅደም ተከተሉ ዋና ነው። ስም ቀድሞ ከተጠራ የቀረው ክፍል ማሰቡን ያቆማል።


ጥቅምት አጋማሽ

ዛሬ ከመካከለኛው ክምር አንድ ወረቀት ይዤ ቆየሁ። ጥያቄው −3 + (−5) ነበር። መልሱ ላይ 8 ተብሏል። ጽሑፉ የሚያምር፣ ሁለቴ የተሰመረበት ነው። በራስ መተማመን የተሞላ 8።

ልጅቷን እረፍት ላይ ጠርቼ "እስቲ እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ" አልኳት። "ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ነው፣ ቲቸር። አምስትና ሦስት ስምንት" አለች፤ ፈጥና፣ ሳትጠራጠር። ሕጉን አልፈጠረችውም። እውነተኛ ሕግ ነው፤ የማባዛት ሕግ ነው። መደመር ላይ ነው ያዋለችው።

"ሱቅ የ30 ብር ዱቤ አለባችሁ እንበል። ዛሬ የ50 ብር ስኳር በዱቤ ጨመራችሁ። ስንት ሆነ?"

"80።"

"ይኼ 80 የእናንተ ገንዘብ ነው?"

"አይ፣ የባለ ሱቁ ነው።"

"ታዲያ ዱቤውን በየትኛው ምልክት እንጽፈው?"

ወረቀቱን ሳብ አደረገችው። ትንሽ ቆየች። ከ8 ፊት ትንሽዬ ሰረዝ ጨመረች፣ ከዚያ ራሷ "የማባዛቱን ነው እዚህ ያመጣሁት" አለች። እኔ አልነገርኳትም።

ክምሩን መልሼ ሳየው ይኸው ስሕተት በግማሹ ወረቀት ላይ አለ። አሁን አስቡት። እነዚህ ልጆች ማታ 12 እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን 12 ጊዜ ይለማመዱት ነበር። በትጋት። ልምምድ ትክክለኛውን ብቻ አያጸናም፤ የተሳሳተውንም ያጸናል። ከአራት በላይ የማልሰጥበት ትልቁ ምክንያቴ ይኼ ነው፤ የሰዓቱ ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ጥቂት ሰጥቶ ጠዋት ማየት፣ ካስፈለገ ማቃናት፣ ከዚያ መጨመር።

በማግስቱ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩ። በግራ (−3) × (−5)፣ በቀኝ −3 + (−5)። ጎን ለጎን። ሁለቱን መልስ ከጻፉ በኋላ "ለምን ይለያያሉ?" የሚለውን ለጎረቤታቸው እንዲያስረዱ ጠየቅኳቸው። በፈለጉት ቋንቋ አልኳቸው። ክፍሉ ወዲያው ሞቀ። ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌሎቹ በአማርኛ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ በዳውሮኛ ይከራከራሉ። ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ሲያስረዳ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ቶሎ ይለያል።


ኅዳር

ቡናው ደርሷል። የጅማ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ወደ ሰቃ፣ ወደ ማና፣ ወደ ጎማ ዘመድ ያላቸው ልጆች ቅዳሜና እሑድ ለቀማ ናቸው። ከተማ የቀሩትም ቤት ውስጥ ማስጣት አለ፣ ማገላበጥ አለ፣ ማታ ማስገባት አለ። ሰኞ ጠዋት የባዶ ወረቀት ክምር ከፍ ይላል።

ይኼን በቅጣት ማስተካከል አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ነው። ሁለት ነገር አደረግኩ። የዓርብ የቤት ሥራ ተሰረዘ። ሁለተኛ፣ ጠዋት ፈረቃ ስድስት ሰዓት ላይ ሲያልቅ የፈለገ ልጅ ከክፍሉ ፊት ባለው በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሠርቶ ይሄዳል። ክፍሎቹን የከሰዓት ፈረቃ ስለሚፈልጋቸው በረንዳው ነው የተገኘው። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። አሁን ቦታው ይጠባል። ቤታቸው ጠረጴዛ የሌላቸው፣ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚቸገሩ ልጆች ናቸው የሚመጡት። "የቤት ሥራ" ስንል ሁሉም ቤት የሚሠራበት ጥግ ያለው አድርገን እኮ ነው የምናስበው።

የአንድ ልጅ አያት በጠራኋቸው ቀን መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በርጩማው ላይ ተቀመጡና "ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምኑን ልርዳው?" አሉኝ። ስለ ሒሳቡ ምንም እንዳይጨነቁ ነገርኳቸው። "እማማ፣ ማታ ሲሠራ አጠገቡ ይቀመጡ። 'ይኼን ለምን እንዲህ አደረግከው?' ብለው ይጠይቁት። እሱ ያስረዳዎ። ሲያስረዳዎ ነው የሚገባው" አልኳቸው። "ይኼንንማ እችላለሁ" አሉ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ባዶ ወረቀት አልሰጠኝም። ወላጅ መልሱን ማወቅ የለበትም። ጊዜ መስጠትና መጠየቅ ይበቃል። ሠርቶ መስጠት ግን ጉዳት ነው፤ ጠዋት የማየው የልጁ ሥራ መሆኑ ይቀራል።

ቡናውን ወደ ጥያቄው አስገባሁት። መጀመሪያ የእኩልታ ጥያቄ፦ "3 ፈረሱላና 9 ኪሎ ቡና ሲመዘን 60 ኪሎ ሆነ። አንድ ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው?" ግማሹ ክፍል ሳይሠራ "17!" ብሎ ጮኸ። ጥሩ። መልሱን ያውቁታል፤ አሁን እንዴት እንደሚደረስበት ያሳዩኝ። 3x + 9 = 60። ከሁለቱም ወገን 9 ሲቀነስ 51፣ ለ3 ሲካፈል 17። መልሱ ቀድሞ ስለሚታወቅ ሙሉ ትኩረታቸው መንገዱ ላይ ሆነ። x የሚባለው ነገር ከሌላ ዓለም የመጣ መምሰሉ ቀረ፤ ሚዛን ላይ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ንጽጽር፦ በግምት 6 ኪሎ እሸት ቡና 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ቢሰጥ፣ 90 ኪሎ እሸት ስንት ይሰጣል? አንድ ዝም የሚል ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ጀንፈሉ ነው የሚመዘነው ወይስ ተፈልፍሎ?" አለ። ክፍሉ ወደ እሱ ዞረ። ልዩነት እንዳለው፣ ገለባውም ክብደት እንዳለው ራሱ አስረዳን። ጥያቄው ላይ "ተፈልፍሎ" የሚለውን ጨመርንበት። የዚህ ልጅ ወረቀት እስከዚያ ቀን ብዙ ጊዜ በባዶው ክምር ውስጥ ነበር።


ኅዳር መጨረሻ

ስለ ማረም። የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ማንበብ አይቻልም፤ እንደሚቻል አድርገን መዋሸትም አያስፈልግም። በየቀኑ የአንድ ረድፍ ደብተር እሰበስባለሁ። በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም አንድ ጊዜ በደንብ ይነበባል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ያውም የሚሠራ ነገር፦ "ሁለተኛው መስመር ላይ ምልክቱን እየው፤ ከዚያ 3ኛውን እንደገና ሥራ።" "ጎበዝ" ብቻ ብሎ መጻፍ ለልጁ ምንም አያሠራውም። "ተጠንቀቅ" ማለትም ያው ነው፤ ከምን?

ማርክ አልጽፍም። ይኼ ብዙ አነጋግሯል። ልጆቹ ደብተር በተመለሰላቸው ቁጥር "ቲቸር፣ ከስንት ነው?" ይላሉ። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ተማሪዎችን በሦስት ከፍላ ሞክራለች፤ ማርክ ብቻ የተሰጣቸው፣ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው፣ ሁለቱም የተሰጣቸው። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱን ያገኙት እንደ ማርክ ብቻዎቹ ሆኑ። ማርኩን ካዩ በኋላ አስተያየቱን አያነቡትም ማለት ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ያየሁት ይኼንኑ ነው። ከ10 ስምንት ያየ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ "ተከታታይ ምዘናውስ?" ብለው ጠየቁኝ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መዝገብ ያስፈልጋል። ማርኩ ከቴስትና ከሚድ እንዲመጣ፣ የቤት ሥራው "ሠርቷል / አልሠራም" ተብሎ ብቻ እንዲመዘገብ ተስማማን። የተሳሳተም ሠርቷል ነው። "ተሳስተን ከሠራን ይሳቅብናል" ላለው ልጅ መልሴ ይኼ ነው። አሁን አንዳንድ ቀን ከመካከለኛው ክምር ስም ደብቄ አንድ ስሕተት ሰሌዳ ላይ አወጣለሁና "የዛሬዋን ጠቃሚ ስሕተት እንፈልግ" እላቸዋለሁ። ስሕተቱን የሠራው ልጅ ራሱ "የኔ ናት" ማለት ጀምሯል።


ታኅሣሥ

አራቱን ጥያቄ አደባለቅኳቸው። ከዚህ በፊት ሁለቱ የዛሬ ነበሩ፤ አሁን የዛሬው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ከመቶኛ፣ ከእኩልታ፣ ከአሉታዊ ቁጥር ተለቅመው ይመጣሉ።

የጠዋቱ ወረቀት ወዲያው ተበላሸ። የገባቸው ክምር ቀነሰ። የሥራ ባልደረባዬ አይቶ "እንዴ፣ ጥሩ ሄዶልህ አልነበር? ለምን ትነካካዋለህ?" አለኝ። የምጠብቀው ነበር። ሮረርና ቴይለር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ይኼንኑ ያሳያል። የሒሳብ ጥያቄን በዓይነት በዓይነት ለይተው የተለማመዱ ተማሪዎች ልምምዱ ላይ 89 በመቶ ሠሩ። ቀላቅለው የተለማመዱት 60 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ለይተው የተለማመዱት 20 በመቶ፣ ቀላቅለው የተለማመዱት 63 በመቶ አመጡ።

ለምን? አሥር የመደመር ጥያቄ ተደርድሮ ሲመጣ ልጁ "ይኼ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። አርዕስቱ ነግሮታል። ፈተና ላይ ግን አርዕስት የለም። መምረጥም መማር ያለበት ነገር ነው፤ ያለ ድብልቅ ደግሞ አይለመድም። ለባልደረባዬ ቁጥሩን ሳሳየው "ጥር ላይ እናየዋለን" አለ። ፍትሐዊ አነጋገር ነው።

በዚሁ ሰሞን የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንድ አባት ተነስተው "መምህር፣ አራት ጥያቄ ምን ያደርጋል? ልጆቻችን እየወደቁ ነው፤ ይብዛላቸው እንጂ" አሉ። ብዙዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጋታቸውን አልናቅኩትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ ጥቅምት 2015 ላይ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር በየቤቱ ገብቷል። ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

"አባባ፣ ስጋትዎ የእኔም ነው" አልኳቸው። ግን ያ ውጤት ልጆቹ ጥቂት ስለጻፉ የመጣ አይመስለኝም። ብዙ ጽፈዋል። የጻፉትን ያየላቸው፣ ያቃናላቸው፣ መልሶ የጠየቃቸው ሰው ነው ያነሰው። የልጃቸውን ደብተርና የጠዋት ወረቀቶች አወጣሁ። ጥቅምት ላይ የነበረውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። "ይኼ የሱ እጅ ጽሑፍ ነው" አሉ። ከዚያ "በል፣ ጥር ላይ እንተያያለን" ብለው ተቀመጡ። ባልደረባዬም እሳቸውም ጥርን ቀጠሩኝ።


ጥር፣ ከሰሚስተር ፈተና በኋላ

ፈተናው ታርሟል። ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ድብልቁ ሠርቷል። የእኩልታና የመቶኛ ጥያቄዎች ያለ አርዕስት ተቀላቅለው ሲመጡ አብዛኛው ልጅ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቷል። −3 + (−5) ዓይነቱ ስሕተት ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን የጥቂቶች ሆኗል። መካከለኞቹ ልጆች ናቸው ይበልጥ ከፍ ያሉት። ጎበዞቹ ድሮም ጎበዝ ናቸው፤ ለእነሱ አምስተኛ፣ በፈቃደኝነት የሚሠራ ከባድ ጥያቄ ሰሚስተሩ አጋማሽ ላይ ጨምሬ ነበር፣ ወደውታል።

ያልሠራው ባዶው ክምር ላይ ነው። ከዚያ ውስጥ በረንዳውና ቡናው ያወጧቸው አሉ። የቀሩት ግን አልተንቀሳቀሱም። አንድ በአንድ ይዣቸው ተቀመጥኩ። ሰባተኛ ክፍል ደርሰው የማባዛት ሰንጠረዥ አልያዙም፤ አንዳንዶቹ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር አንብበው መጨረስ ይከብዳቸዋል። ለእነዚህ ልጆች ከእኩልታ የተሰጠ የቤት ሥራ፣ አራትም ይሁን አንድ፣ ምንም አያደርግላቸውም። የሚያስፈልጋቸው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ከአራተኛ ክፍሉ መጀመር ነው። ማጠናከሪያ ትምህርት ተብሎ ቅዳሜ የሚሰጠው ያንኑ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ሲደግም ለእነሱ አይጠቅምም። ይኼን ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ለእነሱ የማባዛት ሰንጠረዡ በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ በረንዳው ላይ፣ ከስምንተኛ ክፍል ጎበዝ ልጆች ጋር እንዲጀመር ተፈቅዷል።

ባልደረባዬ የሁለታችንን ክፍል ወረቀት ጎን ለጎን አየና ከየካቲት ጀምሮ ድብልቁን እሱም እንደሚሞክር ነገረኝ። የጠዋቱን ጥያቄ እየተፈራረቅን እናወጣለን፤ አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ።

የሁለተኛው ሰሚስተር ዕቅድ ተጀምሯል። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዎች መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የቤት ሥራ ቀኖችን ተከፋፈልን። ሒሳብ ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ። ሳይንስ ማክሰኞና ሐሙስ። ቋንቋዎቹ የተቀሩትን ወሰዱ። ዓርብ ማንም አይሰጥም። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ የቤት ሥራ እንዳይኖር የክፍል አለቆቹ ከሰሌዳው ጥግ እየቆጠሩ ይነግሩናል፤ አራተኛ ከመጣ ወደ ማግስቱ ይዘዋወራል። ሠንጠረዡ በር ላይ ተለጥፏል። ያ አባት የፈተናውን ወረቀት ሊያዩ ሰኞ ይመጣሉ፤ የጥቅምቱንም አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ።